ከአሰላ ቁልቁል በደከመ ሾክ

የመኪና ሾክ ማለቁን መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ሾክ በአንድ ቀን አይሞትም። ትንሽ በትንሽ እየደከመ ሲሄድ የነጂው ወገብም፣ መሪ የያዘው እጁም አብረው ይለምዱታል። ቀድሞ የሚነቃው ከኋላ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ለእኔ የነገረችኝ ከኢተያ ድንች ይዛ የመጣች አክስቴ ናት። ደራ ስንደርስ ወረደችና ነጠላዋን እያስተካከለች «ልጄ፣ መኪናህ እኮ አንጀቴን አራገፈችው» አለችኝ። ጎረቤቴ ሰምቶ «መንገዱ ነው እትዬ» አለ። እዚህ አገር ጥፋቱ ሁልጊዜ የመንገዱ ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቶዮታ ቪትዝን ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አዳማና ዙሪያዋን ከሚመላለሱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ስሪት ስለሆኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሌላ አገር ቢሆን እስካሁን ብረታቸው ቀልጦ ነበር። እኛ ግን በምን እንቀይራቸው? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ስለዚህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይዟት ይኖራል። ሞተሯን ይንከባከባል፣ ዘይቷን በሰዓቱ ይቀይራል፣ ቀለሟን ያስነካል። ከስር ያለው ግን እስኪንኳኳ ድረስ ትዝ አይለውም።

ይህ የሆነው ሾክን የምቾት ዕቃ አድርገን ስለምናየው ይመስለኛል። «ትንሽ ብትነጥር ምን አለበት» ይባላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይጨመቃል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ለብቻው ከተተወ ደግሞ ደጋግሞ ይነጥራል። ሾኩ ውስጥ ዘይት አለ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል፤ የሞላው ጉልበት በዚያ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበርዳል። ሾክ የሚሠራው ጎማው ከአስፋልቱ እንዳይለቅ ነው። ጎማው አየር ላይ ባለበት ቅጽበት ፍሬን ቢረገጥ የሚይዘው ምኑን ነው? መሪ ቢዞርስ ማን ይታዘዛል?

ከአሰላ ወደ አዳማ ለሚወርድ ሰው ይህ የወረቀት ወሬ አይደለም። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው አዋሽ መልካሳ ደግሞ 1,550 ሜትር ግድም። ኢተያን አልፈን ቁልቁለቱን ይዘን ደራ ስንገባ ከግራ ባጃጅ፣ ከቀኝ ጋሪ፣ መሃል መንገድ ላይ በጎቹን የሚነዳ ልጅ ይጠብቀናል። መኪናዋ አምስት ሰው ይዛለች፤ ከኋላ የስንዴ ጆንያ ተጭኗል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ጀርባዋ ይነሳል፣ የኋላ ጎማዎቿ የሚይዙት ክብደት ያጣሉ። በደህና ሾክ በጊዜ የምትቆመው መኪና በደከመ ሾክ፣ ያውም አስፋልቱ ወጣ ገባ በሆነበት፣ አልፋ ሄዳ ነው የምትቆመው። ልጁ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

መኪናውን ጥጉ ላይ ተጭኖ መልቀቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ደህና ሾክ አንዴ ተነስቶ ይቆማል። ይህ ግን ጨርሶ የሞተውን እንጂ በግማሽ የደከመውን አያሳይም። እኔ የጎማውን ጥርስ በመዳፍ መዳበሱን የበለጠ አምናለሁ፤ ቦታ ቦታ ተበልቶ ጎድጎድ ካለ ጎማው እየዘለለ ነው የሚሄደው ማለት ነው። የሾኩ አካል በዘይት ርሶ አቧራ ከያዘበት ምንም መመራመር አያስፈልግም።

አንድ የማልወደው ብልሃት አለ። መኪናዋ ከኋላ ስታጎነብስ በሞላው ጥቅልሎች መካከል የጎማ ቁራጭ ይሸጎጣል። ወዲያው ቀና ትላለች፣ ዋጋውም ከምሳ አይበልጥም። ግን የተያዘው ጥቅልል መሥራት ያቆማል፤ ድካሙ ሁሉ ቀሪዎቹ ላይ ያርፍና ሞላው ከጊዜው በፊት ይሰበራል፣ ምቱም በቀጥታ ቦዲው ላይ ይወርዳል። የደከመ ሞላ መቀየር ብቻ ነው ያለው።

ዕቃ ስገዛ ብዙ ሰው የመከረኝ ያገለገለ የጃፓን ሾክ ነበር። «ያገለገለው ኦርጅናል ከአዲሱ ርካሽ ይሻላል» ይባላል። ለሞተር ክፍል ወይም ለበር እሺ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ የተፈታ ዕቃ መፈለግ ያዋጣል። ሾክ ግን በውስጡ ያለው ዘይትና ማኅተሙ የሚያረጅ ዕቃ ነው፤ ከሃያ ዓመት መኪና የተፈታ ሾክ ሃያ ዓመቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ያለው አዲስ ሾክ ገዛሁ፣ ለግራም ለቀኝም። አንዱን ብቻ መቀየር የመኪናዋን ሁለት እግሮች የተለያዩ ያደርጋቸዋል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መሳብ ትጀምራለች።

ሥራው ላይ ከመካኒኩ ጋር ትንሽ ተከራከርን። የቪትዝ የፊት ሾክ ሞላውን በራሱ ላይ ተሸክሞ የቆመ ነው፤ የላይኛው ዳዶ የሚፈታው ሞላው በመጭመቂያ በደንብ ከተያዘ በኋላ ነው። በሽቦ አስሮ የሚፈታ ሰው አይቻለሁ። ያ ሞላ ካመለጠ ፊት ያፈርሳል። መካኒኩ ልጅ መጭመቂያ ነበረውና በዚህ ተስማማን። የተጣላነው በጎሚኒው፣ በብራቾው መጋጠሚያ ላይ ባለው ላስቲክ ነው። ሾኩን ስንቀይር የብራቾውን ጎሚኒና የሾኩን የላይ መቀመጫ አብረን እንድንቀይር ጠየቅኩት፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ አዲሱን ሾክ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀየረ። የብራቾውን ብሎን ግን መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳለች፣ ጎማዋ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ሊያጠብቀው ተነሳ።

«በጎማዋ ትቁምና አጥብቀው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ምን ለውጥ አለው? እንደዚህ ይቀለኛል።»

ለውጥ አለው። ጎሚኒው መካከል ላይ ያለው ብረት ብሎኑ ሲጠብቅ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። መኪናዋ ተንጠልጥላ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መሬት ስትወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሳና መኪናዋ ቆማ ባለችበት እንኳ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይውላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም «ዕቃው ቻይና ነው» ብሎ ይራገማል። ቀስ አድርጌ ሳስረዳው ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና አወረዳት፣ ስር ገብቶ በመከራ አጠበቀው። ሲወጣ ጀርባው በሙሉ አፈር ነበር። ጉርሻውን ጨመር አድርጌ ሰጠሁት፤ ተገቢው ነው።

ዊል አላይመንቱን አዳማ አሠራሁ። ይህን የሚዘሉት ሰዎች አይገቡኝም። ሾክና ብራቾ ከተነካ የጎማው አቅጣጫ መዛባቱ አይቀርም፣ የተዛባ ጎማ ደግሞ በሁለት ክረምት የሾኩን ዋጋ ይበላል። መንኳኳቱ ጠፍቷል። አክስቴ ባለፈው ሳምንት ስትሳፈር ስለ መኪናዋ ምንም አላለችም፤ የሽንኩርት ዋጋ ስታወራ መልካሳ ደረስን።

የቀረኝ የኋላው ነው። የቪትዝ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ሁለት ትላልቅ ጎሚኒዎች አሉት፤ በመዶሻ እየተደበደቡ ከገቡ ስለሚበላሹ በፕሬስ ነው መግባት ያለባቸው። አዳማ ውስጥ ፕሬስ ያለው፣ ሥራውን የማይቸኩል ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ከገብስ አጨዳው በፊት ባሠራት ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ጆንያው ይመጣል።