ማን ይደውልልናል?

ሲሬ ተወልዶ አሰላ ወይም አዳማ የተማረ ሰው፣ ዲግሪው ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ተጨማሪ ሙያ አለው፤ የቤተሰቡ የስልክ አማካሪ ነው። በታሪክ ብንመረቅ፣ በነርስነት ብንመረቅ ለውጥ የለውም። ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ገና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ጥያቄው ይመጣል። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ የቱን ስልክ ልግዛ? ሲሙስ የቱ ይሻላል?» እኛም ጉሮሯችንን ጠርገን እንመልሳለን። (ዲግሪ ይዞ «አላውቅም» ማለት ነውር ሳይሆን አይቀርም።)

ጥያቄዋ ታዲያ ቀላል እንዳትመስላችሁ። እኛ ዘንድ ስልክ የሚገዛው ስንዴ ተሽጦ ነው፣ በግ ተሽጦ ነው፣ ወይም ከዓረብ አገር በተላከ ብር ነው። ተሳስቶ የገዛ ሰው እስከሚቀጥለው መኸር ስህተቱን ኪሱ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ጥቂት እንጨዋወት።

ስለ ምርጫ ከማውራታችን በፊት ግን ምርጫ ያልነበረበትን ዘመን እናስታውስ። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ፣ 36 ሺህ ደንበኛ በሚችል ኔትወርክ። ያኔ በትንንሽ ከተሞች ስልክ ማለት ቴሌ ጣቢያ ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ መጮህ ነበር። ቆይቶ ሞባይሉ እኛም ጋ ደረሰ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ሲዘጋና እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ተዘግቶ ሲቆይ፣ የተናደደ ሁሉ የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም መጣ፤ ስሙ ተቀየረ እንጂ ብቸኝነቱ አልተቀየረም። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነገር እንደ ዝናብ መቅረት የሚወሰድ ነበር፤ ሰው ወደ ሰማይ አይቶ ዝም ይላል።

ከዚያ በግንቦት 2013 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ። በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፤ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ። ሞባይል በመጣ በ23 ዓመቱ በ09 የሚጀምር ቁጥር፣ በ07 የሚጀምር ጎረቤት አገኘ ማለት ነው። «የቱን ሲም?» የምትለዋ ጥያቄም ከዚያ በኋላ የተወለደች ናት።

የከተማው ሰው ለዚህች ጥያቄ የዋጋ ዝርዝር ያወጣል፤ የዚህ ጥቅል ስንት ነው፣ የዚያ ጊጋ ስንት ነው ይላል። የኛ አገር መልስ ግን ከመሬት ይጀምራል። አርሲ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አዳማ ላይ መስመሩ ሙሉ የነበረ ስልክ፣ ሲሬ ገብቶ ከጉብታ ጀርባ ያለ ቤት ሲደርስ ሊደነቁር ይችላል። በየቀበሌው «የኔትወርክ ቦታ» የሚባል ድንጋይ ወይም ዛፍ አለ አይደል? ሰው ተሰልፎ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚያወራበት። ያንን ዛፍ ማንም የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አያገኘውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይኸው ነው። ሲም ከመግዛታችሁ በፊት ያንን መስመር የያዘ ሰው ስልክ ለአንድ ቀን ተዋሱ። ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ ሞክሩት፤ ማሳ ላይ ሞክሩት፤ ማታ ሰው ሁሉ ሲደውል ሞክሩት፤ መብራት ሲጠፋም ሞክሩት፤ ምክንያቱም የኔትወርክ ምሰሶም መብራት ይበላል፣ መጠባበቂያው ካለቀ አብሮ ይተኛል። ስልኩ ላይ «4ጂ» ተብሎ ስለተጻፈ 4ጂ አይመጣም፤ ምሰሶው ከሌለው ቀፎው ከየት ያመጣል? ዝቅ ባለ ሞገድ የሚሠራ ኔትወርክ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ከፍ ያለው ፈጣን ነው ግን ቶሎ ይደክማል። ገጠር ውስጥ ኢንተርኔቱ ሞቶ ድምፅ ብቻ የሚሠራባቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ ምስጢራቸው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ባትሪ ነው። በአማርኛ ባትሪ ሁለት ነገር መሆኑ ለስልክ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንዱ ኃይል የሚይዘው፣ ሌላው ማታ መንገድ የሚያበራው። በፈረንጆቹ 2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ሁለቱንም ይዞ መጣና በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የሠሩት ሰዎች ካሜራ አላደረጉለትም፤ መብራት ለሌለው ሰው ብርሃን ሰጡት። ከዚያ በኋላ እዚሁ አገራችን የሚገጣጠመው ቴክኖ ባለ ሁለት ሲም ቀፎ ይዞ ገበያውን ተቆጣጠረው። ዛሬ 09 እና 07 እያሉ ለሚጨነቁ ሰዎች የጭንቀቱ ግማሽ መድኃኒት ይህ ነው፤ ሁለቱንም አንድ ቀፎ ውስጥ መክተት።

አባቶቻችን ግን ስልኩን የሚፈልጉት ለሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የስንዴውን ማሳ ሲመታ ወሬው ከበሽታው ቀድሞ የደረሰው ሰው የሚረጭ መድኃኒት ፈለገ፤ ያልደረሰው ሰው ገለባ አጨደ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባል መስመር ሲከፍት ገበሬው በነጻ ደውሎ ስለ ዘርና ስለ በሽታ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በትግርኛ የተቀዳ ምክር መስማት ቻለ። ለዚህ ታች ስክሪን አያስፈልግም፤ ቁልፍ ያለው ስልክ ይበቃል። በቴሌብር ብር መላክም ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ *127# ብሎ መግባት ነው። በ2015 ዓ.ም. የመጣው ኤምፔሳም እንዲሁ *733# አለው። አባት «ትልቅ ስልክ አልፈልግም» ካለ ኋላ ቀር ሆኖ አይደለም፤ የሚፈልገውን ስለሚያውቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሰፈራችን ጥበብ የሚሳሳተው። ምክሩ የተለመደ ነው፤ «ትልቁ ስልክ ለልጁ፣ ቁልፍ ስልክ ለእናት። እሷ ምን ታደርግበታለች? ማንበብም አትችል»። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ለመሆኑ ለእናት የሚደውልላት ማን ነው?

ከሲሬም፣ ከዴራም፣ ከኢተያም ስንትና ስንት እህቶቻችን ሳዑዲ፣ ቤሩት፣ ዱባይ በሰው ቤት ይሠራሉ። የሚደውሉት በኢሞ ነው። ሪያድና ሲሬ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ እዚያ ሲመሽ እዚህም ይመሻል፤ እናት የልጇን ፊት የምታየው የአሠሪዎቹ ራት ተነሥቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ትልቁ ስልክ የወንድምየው ከሆነ እናት ልጇን የምታገኘው በወንድሙ ፈቃድ ነው። ስልኩን የሚይዘው እሱ ነው፣ ካሜራውን የሚያዞረው እሱ ነው፣ ወሬውን የሚሰማው እሱ ነው። ልጅቱም «ደህና ነኝ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? አሠሪው ደመወዟን ስንት ወር እንደያዘባት፣ የቤቱ ጌታ እንዴት እንደሚያያት ለወንድሟ አትነግርም። ይሄ ለእናት ብቻ የሚነገር ነገር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ብር ላኪልን» ነው፤ እሷም ትልካለች፤ ስክሪኑም ይጠፋል።

ማንበብ የማይችሉ እናቶች ኢሞን በሦስት ቀን ሲለምዱት አይተናል። ፊደሉን አይደለም የሚያነቡት፤ የልጃቸውን ፎቶ ነው። ፎቶዋ ላይ ይጫኑና ይደውላሉ። በቃ። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ስማርት ስልክ ብቻ የሚገዛ ከሆነና ልጅ ዓረብ አገር ካለች፣ ስልኩ የእናት ይሁን። ወንድም ቲክቶክ ማየት ካማረው እናቱን ያስፈቅድ፤ ፈቃድ መጠየቅ ለሱም ትምህርት ነው።

ይሄን ካሰብን በኋላ ሲሙን የመምረጥ ነገር ራሱ መልኩን ይቀይራል። በሰው ቤት ያለች ልጅ ስልኳ ሊወሰድባት ይችላል። ያኔ የሰው ስልክ ለምና የምትደውለው በቃሏ ወደያዘችው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ለአንድ ወር ቅናሽ ብሎ ጥሎ አዲስ መያዝ በሩን ቀይሮ ቁልፉን አለመስጠት ነው። አዲሱ መስመር ይምጣ፣ ቅናሹም ጥሩ ነው፤ ግን በሁለተኛው ቀዳዳ ይግባ። አሮጌው ቁጥር ካርድ እየተሞላለት በሕይወት ይቆይ። ባትሪውም ሌሊት የሚያድር ይሁን፤ ያ ጥሪ ሰዓት መርጦ አይመጣም።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ስሙ። እኛ ጋ ሲም በልጅ ስም ማውጣት ልማድ ነው፤ መታወቂያ የያዘው እሱ ነዋ። ነገር ግን ዛሬ ሲሙ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ሲሙ ቢጠፋ ምትኩን የሚያወጣው ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር ከሄደ የእናት ብር በእናት እጅ አይደለም ማለት ነው። የእናት ሲም በእናት ስም ይውጣ። መታወቂያ ከሌላት መጀመሪያ መታወቂያው ይውጣ።

ጥቅል ስትገዙም ወደ ሌላው መስመር መደወልን ይጨምር እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ያልተጠቀማችሁበት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ቀፎ ስትገዙ *#06# ነክታችሁ የሚወጣው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ስለ ካሜራው ስንት ፒክስል ግን ሻጩ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል፤ ለሱ አትድከሙ።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡና ያቺ የታወቀች ጥያቄ ስትመጣ፣ የስልክ ስም ከመጥራታችሁ በፊት እናንተም መልሳችሁ ጠይቁ። ማን ነው የሚደውልልሽ? በስንት ሰዓት ነው የሚደውለው? ሲደውል የት ሆነሽ ነው የምታነሺው? ሻጭ እነዚህን ሦስቱን አይጠይቅም። የተማርን ነን ካልን እኛ እንጠይቅ።

ቸር ያሰማን።