ሁለት ጣሳ ጎመን

ውድ አንባቢ ሆይ! ሊትርና ኪሎ አንድ ናቸው ብሎ ጎመን የገዛ ሰው አይተህ ታውቅ እንደ ሆነ እንጃ። ካላየህ እነሆ እኔ አለሁልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ከያዝሁ ወዲህ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ አዲስ አበባ መጣች። ወንደላጤ ብሆንም እናቴን በምግብ ቤት ምሳ መቀበል ነውር መሰለኝ። ቀኑ ዓርብ ነበርና ጎመን በዘይት ልሠራላት ቈረጥሁ። ታላቅ እኅቴን በስልክ ብጠይቃት፣ «በእማማ አሠራር ለሁለት ሰው ሁለት ጣሳ የተከተፈ ጎመን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው» አለችኝ።

እኔም የተማርሁ ነኝና ወዲያው ሒሳቡን ሠራሁ። ጣሳው አንድ ሊትር ይይዛል፤ የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ነው፤ እንግዲያው ሁለት ጣሳ ጎመን 2 ኪሎ ይሆናል። አትክልት በኪሎ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ «ድግስ አለብህ እንዴ?» ቢለኝ እንኳ አልነቃሁም።

ቤት ገብቼ ወፍራም አገዳውን ጥዬ ቅጠሉን ብከትፈው ጠረጴዛውን ሞልቶ ተረፈ። በጣሳ ስሰፍረው አሥር ጣሳ ወጣው። የወሩ መጨረሻ ነበርና ለመጣል አንጀቴ እምቢ አለ። ከጎረቤት ትልቅ ድስት ተውሼ ሁሉንም ጣድሁት። ለሁለት ጣሳ አንድ ማንኪያ ጨው ከሆነ፣ ለአሥር ጣሳ አምስት ነው ብዬ ጨመርሁ። በዚህኛው ሒሳብስ የተሳሳትሁ አልመሰለኝም ነበር።

ያ ሁሉ ክምር እሳት ሲነካው ሟሽሾ ከድስቱ ሥር ቀረ። እናቴ አንድ ጊዜ ጐረሰችና ምንም ሳትናገር ውሃ አስቀዳች። ደግማ ጐረሰች፤ ደግማም አስቀዳች። እኔ ብቀምሰው ጨዉ ምላሴን አቃጠለኝ። ስንት ቀን ያሰብሁበት ምሳ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ እናቴ ራሷ ጎመን ገዝታ ከተፈችና ጣሳውን ሞላች። ሞላ ስል በመዳፏ ጠቀጠቀችው፤ ጨመረችበት፤ እንደ ገና ጠቀጠቀችው። «ልጄ፣ ጣሳ ማለት ይኸ ነው» አለችኝ። እኔ ግን እንደ ወረደ ላላ አድርጌ ነበር የሰፈርሁት።

እሷ ሳትመለስ ደመወዝ ተከፈለና አነስተኛ ሚዛን ገዛሁ። ላላ ብሎ የሞላው ጣሳ 150 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በእናቴ መዳፍ የተጠቀጠቀው ወደ 300 ግራም መዘነ። እንግዲህ የእኔ አሥር ጣሳ የእሷ አምስት ጣሳ ብቻ ኖሯል፤ እኔ ግን የአሥር ጣሳ ጨው ጨመርሁበት! በዚያው ጣሳ የተከተፈ ሽንኩርት 670፣ የተፋቀ ካሮት ደግሞ 460 ግራም ገደማ ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጣሳ ከአትክልቱ ጋራ በመካከሉ ያለውን አየር ጭምር ይሰፍራል፤ ሚዛን ግን የሚመዝነው አትክልቱን ነው። የተጠቀጠቀ ቅጠል አየሩ ይቀንሳል፤ የበሰለ ጎመን ደግሞ ለስልሶ ስለሚተኛ ያው ጎመን ከትንሽ ዕቃ ይገባል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የጣሳን ልክ ወደ ኪሎ ከመለወጥህ በፊት ይህን ጠይቅ፦ አትክልቱ ምንድር ነው? እንዴት ተከተፈ? ተጠቅጥቆ ነው ወይስ ላላ ብሎ? የተሰፈረውስ ጥሬው ነው ወይስ የበሰለው? ይህን ሳያውቁ ሒሳብ መሥራት ጎመንንም እናትንም ማስቀየም ነው።

በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ «የእናቴ አንድ ጣሳ ጎመን፣ 300 ግራም።» በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ውሃ ሳታስቀዳ ትበላለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።