ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ብዙዎቻችን ሹም ሽር ትዝ ይለናል። እናቴ ግን ተረቱን የምታመጣው ስለ ጉልቻው ራሱ ነበር።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጃችን ያልፉ ነበር፤ እናቴም ከአንዷ ጋር ደንበኛ ነበረች። ሴትዮዋ ሸክሟን አውርዳ እንኳ ወገቧ ቶሎ አይቀናም ነበር። ባሕር ዛፉ በ1880ዎቹ ሲመጣ የዘመኑ አዲስ ዘዴ ነበር። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበርና፣ ዛፉ አዲስ አበባን አተረፋት። ሸክሙ ግን ከሴቶች ጀርባ አልወረደም።

እኔ ሥራ እንደያዝሁ ገንዘብ አጠራቅሜ ለእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁላት። ደስታችን ሳምንት አልሞላም። የግቢው ቆጣሪ የጋራ ነበርና የቤቱ ባለቤት መጥተው «እትዬ፣ በዚህ ግቢ ምጣድ አይሰካም» አሉ።

ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሒሳቡን ሳሰላው ግን ሰውዬው ያለ ምክንያት እንዳልተናገሩ ገባኝ። ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። አሠራሩ የታሰበው ለድኃ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በጥቂት ዋጋ ይክፈል ተብሎ። ይሁንና በአንድ ቆጣሪ የተሰበሰቡ አምስት ድኆች በመዝገቡ ላይ አንድ ሀብታም ሆነው ይታያሉ! ምጣዱ አልጋ ሥር ገባ፤ እናቴም ወደ ቅጠሏና ወደ ጭሷ ተመለሰች። «አላልሁህም ልጄ?» አለችኝ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ሁለቱንም በበጎ ነው የሰማሁት። ነገር ግን ክልከላው የሚመለከተው መኪና መግዛት የሚችለውን ነው፤ መኪና የሌላት ተከራይ ዛሬም የምትጠይቀው ስለ ምጣድ ነው። እሷን ከጭስ ለማውጣት ኃይል ማመንጨት ብቻውን አይበቃም። ወይ የራሷ ቆጣሪ ሊኖራት፣ ወይ ታሪፉ በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ሊቆጥር ይገባል።

ጉልቻ መለወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይሆናል፤ ዓይን ግን ያድናል። እናቴ ይህን ሳታየው ቀረች።