ለ5 ደቂቃ ብዬ የከፈትኩት ሆትስፖት

ይሄንን ነገር ልጻፈው አልጻፈው ስል ሰነበትኩ። ስለሚያሳፍር ነው። ግን ከእናንተ መካከል የኔን ስህተት የሚሠራ አይጠፋምና፣ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸርም እንዲህ ይሳሳታል እንዴ?» ብላችሁ ብትስቁም ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር የገዛሁት ወርሃዊ የኢንተርኔት ፓኬጅ በ9ኛው ቀን አለቀ። ቪዲዮ የማየት ልማድ የለኝም። ማታ ማታ ላፕቶፔን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኝቼ ፈተና አዘጋጃለሁ፣ ኢሜይል እመልሳለሁ፤ በቃ። ድጋሚ ገዛሁ። እሱም ሳምንት አልሞላውም።

ፓስዎርዴን የሰጠሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለጎረቤቴ ልጅ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ለፈተና መዘጋጃ ይሆነዋል ብዬ ነው። ስለዚህ ብዙም ሳላስብ፣ ደረጃው ላይ ሳገኘው እናቱ በቆመችበት «ሰው ሲያምንህ እንዲህ ነው የሚደረገው?» አልኩት። ልጁ ምንም አልመለሰም። የእናቱ ፊት ግን ሲለዋወጥ አየሁ።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ልጁ ነው። ስልኩን እያሳየኝ «ቲቸር፣ የእርስዎ ዋይፋይ እኮ ፓስዎርድ መጠየቅ ካቆመ ቆየ። የቁልፍ ምልክቱም የለም፤ ይኸው» አለኝ። አየሁት። እውነቱን ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ስልኩን እንደገዛሁ ሆትስፖቱ ላይ ‹ሴኪዩሪቲ› በሚለው ቦታ አዲሱን፣ ደብሊውፒኤ 3ን መርጬ ነበር። አንድ ቀን ውጤት ለመላክ ስቸኩል ያረጀው ላፕቶፔ አልገናኝም አለ። አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ስችል «ለ5 ደቂቃ ነው» ብዬ ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባውን ‹ምንም› የሚለውን ነካሁ። ላፕቶፑ ወዲያው ገባልኝ። ስጨርስ ሆትስፖቱን አጠፋሁ እንጂ ምርጫውን አልመለስኩትም። ስልክ ደግሞ የመጨረሻ ምርጫችሁን ነው የሚይዘው። ከዚያ ወዲያ በየማታው ስከፍተው ለሕንፃው ሁሉ ነበር የምከፍተው። ስንት መሣሪያ እንደተገናኘ ስልኬ ራሱ ይጽፍልኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

ያለቀው ዳታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ክፍት ሆትስፖት ላይ የገባ ሰው የሚሠራው ሁሉ የሚታየው በእናንተ መስመር እንደተሠራ ሆኖ ነው። በዚያ ላይ በአየር ላይ የሚሄደው ነገር አልተቆለፈም። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የራሱ ቁልፍ ቢኖረውም፣ የትኛውን ገጽ እንደምትጎበኙ በአቅራቢያችሁ ያለ ሰው ሊያይ ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ‹ሴኪዩሪቲ› ውስጥ ግቡና ደብሊውፒኤ 2 እና 3 በአንድ ላይ የተጻፈበት ምርጫ ካለ እሱን ያዙ፤ አዲሱም አሮጌውም መሣሪያ ይገባበታል። አሮጌው እምቢ ካለ ወደ ደብሊውፒኤ 2 ብቻ ውረዱ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ፓስዎርዱ ጠንካራ ከሆነ ዛሬም ይበቃል። ‹ምንም› የሚለውን ግን አትንኩት። አሮጌ የኪስ ራውተር ላይ ደብሊውኢፒ የሚል ካያችሁም እለፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው ድክመቱ የታወቀው።

የ2 እና የ3 ልዩነት ይሄ ነው። በ2ኛው፣ ስልካችሁ ከላፕቶፑ ጋር ሲተዋወቅ የሚላላኩትን የቀዳ ሰው ቤቱ ሄዶ በኮምፒውተር ፓስዎርዱን እየገመተ ሊሞክር ይችላል። ቁልፉን ነቅሎ ቤቱ እንደወሰደ ሌባ ቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው 3ኛው ግን ለእያንዳንዱ ግምት እዚያው በሩ ላይ ቆሞ እንዲያንኳኳ ያስገድደዋል።

ለዚህ ነው ስልክ ቁጥራችሁን ፓስዎርድ አታድርጉ የምለው። 09 ወይም 07 መሆኑ የታወቀ ነው፣ የሚቀረው 8 አኃዝ ነው፤ ጥሩ ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ስልኩ ቢያንስ 8 ፊደል ይጠይቃችኋል፣ እናንተ አስረዝሙት። እርስ በርስ የማይገናኙ 4 የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ፤ በርበሬ፣ ጃንጥላ፣ ዝሆን፣ ሰኞ እንደ ማለት። (ይሄን እኔ ስለጻፍኩት የራሳችሁን ፈልጉ።) የሆትስፖቱን ስም መደበቅ ጥበቃ አይደለም፣ አትድከሙ። ይልቅ ሰው ካልተገናኘ በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገውን አብሩት።

በማግስቱ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ እናቱ ባለችበት ይቅርታ ጠየቅሁት። በሰው ፊት የተናገርኩትን ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ብለው ልክ አይሆንም ብዬ ነው። እናቱ «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ ግቡ ቡና እየፈላ ነው» አለች። ልጁ ግን ዝም ብሎ ስልኬን ተቀበለኝና ሴኪዩሪቲውን አስተካከለልኝ። አዲሱን ፓስዎርድ ልሰጠው ስል «ይቅርብኝ ቲቸር» አለኝ። እስካሁንም አልወሰደውም።

ዳታው ተገዝቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ስልካችሁን እዩ። አሁኑኑ።