ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም
(ስለ ጎማ መፍቻ መሣሪያዎች አመራረጥ)

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ይመረመራል። ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል፤ በሬ የሚገዛም ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል። የመኪና ጎማ የሚወልቅበትን መሣሪያ ግን ብዙዎቻችን ሳንመረምር እንገዛዋለን፤ ወይም ከመኪናው ጋራ የመጣውን እንዳለ ተቀብለን፥ ችግር እስኪደርስብን ድረስ አውጥተን አናየውም። እኛም ከነዚያ ወገን ነበርን። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ በገዛ ግቢያችን የደረሰብንን ተናግረን፥ አንባቢ ከስሕተታችን ያለ ዋጋ ይማር ዘንድ ነው እንጂ።

ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው። የተወለድነው በጣራ ገዳም ግርጌ ሲሆን የምንኖረው በወረታ ከተማ ነው። የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው አፈሩንም ያውቃል። በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቅና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ደግሞ፥ ያው ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እግር የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። ለሩዝ እጅግ የተመቸው ይህ መሬት ለክሪክ የማይመች መሆኑን የተረዳነው ግን ዘግይተን ነው።

ከወንድማችንና ከእህታችን ጋራ ገንዘብ አዋጥተን አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዝተናል። ዋና አገልግሎቷም እናታችንን ከጣራ ገዳም ግርጌ ወደ ሐኪም ማመላለስ ነው። በአንድ የነሐሴ እሑድ ጧት እናታችንን ወደ ቤቷ ልንመልስ ስንነሣ፥ የኋላ ቀኙን ጎማ ተንፍሶ አገኘነው። ጎሚስታ ማስጠራት ሲቻለን «ጎማ ለማውለቅ ምን ዐዋቂ ያሻል?» ብለን፥ የ14 ዓመት ብላቴና የሆነውን የእህታችንን ልጅ ጠርተን ሥራ ጀመርን።

ክሪካችን ከመኪናዋ ጋራ የመጣው፥ የመቀስ ቅርጽ ያለው ነበር፤ የታች እግሩ ከመዳፍ አይሰፋም። መሬቱ ጭቃ መሆኑን አይተን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍንለት፤ በዚህም ብልኅ የሆንን መሰለን። መኪናዋ ተነሣች፤ ጎማውም ወለቀ። በዚህ ጊዜ ከዳዶዎቹ አንዱ ተንከባልሎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እኛም ምንም ሳናስብ ልጁን «ግባና አውጣው» አልነው።

ልጁ ሊገባ ተንበርክኮ ሳለ፥ እናታችን ከበረንዳው ሆና «ና እንጂ ልጄ፥ አቦሉ ቀርቧል፤ ስኒውን አድርስልኝ» ብላ ተጣራች። ልጁ የጉልበቱን ጭቃ እያራገፈ ሄደ። ሦስተኛውን ስኒ ሳያደርስ ድንጋዩ በአንድ ወገኑ ሰመጠ፤ ክሪኩ ተጋደመ፤ መኪናዋም በፍሬን ታምቡሯ መሬት ላይ ወደቀች። ድምፁ ብዙ አልነበረም፤ ጭቃው ዋጠው። ጐንበስ ብለን ዳዶው የገባበትን ቦታ ብናይ ግን፥ በመኪናዋ ሆድና በመሬቱ መካከል አንድ ስንዝር የሚሞላ ክፍተት አልቀረም። ልጁ ስኒውን እንደ ያዘ መጥቶ «አያ፥ አሁን ዳዶውን በምን እናወጣዋለን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም የምንመልስለት ቃል አጣን።

በሥራችን ላይ «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ስንትና ስንት ጊዜ ጽፈነዋል። የሌላ ሰው ስም ተከትሎ ሲመጣ፥ ቃሉ ለእጃችን ቀላል ነበር። በዚያን ቀን ግን የእኛን ስም ተከትሎ እንዳይጻፍ የከለከለው አንድ ስኒ ቡና ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መረመርነው፤ ያገኘነውም የሚከተለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ ክሪክ የተሠራው ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አለመሆኑ ነው። የመቀሱ ክሪክ በጥርስ ባለው ዘንግ ይነሣል፤ ቀላልና ርካሽ ነው፤ እግሩ ጠባብ ስለ ሆነ ግን መሬቱ ጥቂት ቢያዘነብል ይጋደማል። የጠርሙስ ቅርጽ ያለውና በመንኰራኵር የሚሄደው ዝቅተኛው ክሪክ የሚሠሩት በዘይት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን እንዳስተማሩን፥ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲገፋ ግፊቱን ወደ ሁሉም ወገን እኩል ያስተላልፋል። ይህን ሕግ የፈረንሳዩ ሊቅ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት ገለጸው፤ እንግሊዛዊው ብራማም እ.ኤ.አ. በ1795 በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ መኪና አወጣ። ስለዚህ በትንሹ ቧንቧ ላይ በእጅ የምንገፋው ጥቂት ኃይል፥ በትልቁ ቧንቧ ላይ ብዙ ኩንታል ያነሣል። ነገር ግን ዘይቱን የሚያግደው አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት ናት፤ እርሷ ያረጀች እንደ ሆነ የተነሣው መኪና ቀስ እያለ፥ አንዳንድ ጊዜም በድንገት፥ ይወርዳል። እንግዲህ ክሪኩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፥ በእርሱ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት አይገባም። ከመኪናው ሥር መግባት ግድ የሆነበት ሰው፥ ቁመቱ በብረት ቍልፍ የሚጠበቅ ባለ እግር የብረት መደገፊያ ይግዛ። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃው እንደ ሆነ፥ ርካሹን ክሪክ ወስዶ መደገፊያውን ቢጨምር ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጕዳይ መሬቱ ነው። ይህን የሚያስታውሰን የአገራችን ታሪክ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓጓዝ፥ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወር ፈጅቷል። ንጉሠ ነገሥቱ የሚጐትተውን ሰው ብቻ አላበዙም፤ ገደሉን እያስፈለጡ መንገዱን ያስደለድሉ ነበር፤ ከመንኰራኵሩ ሥር ያለው መሬት ካልተደላደለ የብዙ ሰው ጕልበት ከንቱ ነውና። የእኛ ኮሮላ ከዚያ መድፍ ክብደት ስድስተኛው እጅ እንኳ አትሆንም፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ስለዚህ መኪናውን አስቀድሞ ኮረት ወደ ፈሰሰበት ጠንካራ ስፍራ በዝግታ ማንቀሳቀስ ይገባል። ይህ የማይቻል ሲሆን፥ በአራቱም ወገን ከ30 ሴንቲሜትር የማያንስ፥ ውፍረቱም 5 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የጠንካራ እንጨት ጣውላ ከክሪኩ ሥር ይነጠፍ። ጣውላ ክብደቱን በሰፊው ያከፋፍለዋል፤ ድንጋይ ግን በአንድ ወገን ይሰምጣል ወይም ይሰነጠቃል። በጥልቅ ጭቃ ላይ ግን ጣውላም አይታመንም።

ሦስተኛው የክሪኩ ልክ ነው። በክሪኩ ላይ የሚነሣው ክብደት በቶን ተጽፎ ይገኛል፤ 1 ቶን 10 ኩንታል ነው። ለትንሽ የቤት መኪና የ2 ቶን ክሪክ ይበቃል፤ እንደ ላንድክሩዘር ላለው ከባድ መኪና ግን 3 ቶንና ከዚያም በላይ መምረጥ ይገባል። ከክብደቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቁመቱን ነው። የጠርሙሱ ክሪክ ተጨምቆ እንኳ 20 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚቆም፥ ጎማው የተነፈሰ ዝቅተኛ መኪና ሥር ላይገባ ይችላል። እንግዲህ ወደ ገበያ ከመሄዳችን በፊት፥ ከመሬት እስከ ክሪክ ማስደገፊያው ነጥብ ያለውን ቁመት በሜትር ለክተን በወረቀት እንያዝ።

አራተኛው መፍቻው ነው። የዳዶው መጠን እንደ መኪናው 17፥ 19፥ 21 ወይም 22 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የእኛዋ 21 ነው። ውስጡ ስድስት ማዕዘን የሆነ መፍቻ የዳዶውን ጎን አጥብቆ ስለሚይዝ፥ ማዕዘኑን አይበላውም። እጀታው አጭር የሆነውን ባለቤታችን ሞክራ አልሆነላትም፤ የመስቀል ቅርጽ ያለውን ግን በሁለት እጇ ይዛ በቀላሉ ፈታችው። ከዚህም ለቤት የሚገዛ መፍቻ በቤቱ ካሉት ነጂዎች ጕልበት ያነሰው ሰው ሊሠራበት የሚችል መሆን እንደሚገባው ተማርን። ሲጠብቅም ልክ አለው። ለኮሮላ ዳዶ፥ 50 ሴንቲሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል ክብደት ሲጫን በቂ ነው፤ በመፍቻው ላይ ቆሞ በእግር መርገጥ ጥርሱን ያበላሻል፥ ቡሎኑንም ይሰብራል።

የሥራውም ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሰዎች ሁሉ ከመኪናው ይወርዳሉ፤ የእጅ ፍሬን ይሳባል፤ ማርሽ ይገባል። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነውና፥ የኋላው ሲነሣ ኃይሉ ይጐድላል፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ይታገዳሉ። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ ሳለ ጥቂት ይላላሉ፤ ከዚያ መኪናው ይነሣል። የወለቀው ጎማ ወዲያው ከመኪናው ጎን ሥር ይጋደማል፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው በእርሱ ላይ ያርፋልና። ትርፉ ጎማ ከገባ በኋላ ዳዶዎቹ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተያዩ ይጠብቃሉ፤ መኪናው ወርዶ እንደ ገና ይጠብቃሉ፤ 50 ኪሎሜትር ያህል ከተሄደም በኋላ ይፈተሻሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዱቄት ብቻ አይደለም።

ለእህታችን የሆነውን ሦስት ቀን ሳንነግራት ቆየን። በአራተኛው ቀን ነገርናት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አያ፥ ጣውላውስ ተገዛ?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። አልተገዛም ነበር። ስለ ክሪክ ሦስት ቀን ሙሉ አስበን ጻፍን እንጂ፥ ከአናጢው ቤት ድረስ አልሄድንም ነበር። በዚያው ምሽት ሄድን።

አሁን ጣውላው፥ ሽብልቆቹና መፍቻው በአንድ ከረጢት ሆነው ከመኪናዋ አይለዩም፤ መደገፊያው ደግሞ በቤታችን ጥግ ተቀምጧል። ሽብልቁን የሚያደርገው የእህታችን ልጅ ነው፤ ካላደረገም በኋላ ክሪኩን እንዳንነካ የሚከለክለን እርሱ ራሱ ነው። አንባቢ ሆይ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ክረምት ሳይገባ በደረቅ ቀን የመኪናህን የኋላ ክዳን ክፈትና ያለህን ተመልከት። ጐረቤትህ ጣውላ የሌለው ቢሆን፥ ከአንተ ጣውላ ግማሹን ቈርጠህ ስጠው።