ምክንያቱ ስላልተነገረ ክልከላ

ሰው የእጁን ሥራ ለምርመራ ማቅረቡ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በጥንት ዘመን በአገራችን ባላጋሮች ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ሲሟገቱ በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ሐሳባቸውን ይናገሩ ነበር፤ ዳኛውም የሚፈርደው በአደባባይ ስለ ነበረ የተረታው እንኳ በምን እንደ ተረታ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ሰውን እጅግ የሚያስመርረው የተረታበትን ነገር አለማወቁ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ እዚህ በፍኖተ ሰላም ከቤታችን የደረሰው ጕዳይ ነው። ታላቁ ልጄ በልጅነቱ ከአያቱ ጋራ ይጫወተው የነበረውን ገበጣ ሰዎች በእጅ ስልክ እንዲጫወቱት አድርጎ ብቻውን ሠራው። ጕድጓዶቹን ሣለ፤ የጨዋታውንም ሕግ በኮምፒዩተር ቋንቋ ጻፈ። ከዚያም በባሕር ማዶ ባለ አንድ የፕሮግራም ገበያ አስመዝግቦ ለሕዝብ አቀረበው። ጎረቤቶቻችንና የሩቅ ዘመዶቻችን ወደዱለት። ዳሩ ግን በመጨረሻው ቈጠራ አንድ ጠጠር የሚያጐድል ስሕተት ስለ ተገኘበት ሁለት ሌሊት ተቀምጦ አረመና የታረመውን ላከ።

በዚያ ገበያ ደንብ እያንዳንዱ እርማት እንደ አዲስ ሥራ ሳይመረመር አይወጣም። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ የመጣው መልስ «ደንባችንን ስለማያሟላ አልተቀበልነውም» የሚል ብቻ ነበር። የትኛው ደንብ እንደ ሆነ ቢጠይቅ ያው ቃል ተመለሰለት። በዚህ መካከል ተጫዋቾቹ ጠጠራችን ጐደለ እያሉ ይወቅሱት ነበር። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ቢልከው ተፈቀደለት። ልጄ ግን ከመደሰት ይልቅ አዘነና «አባባ፥ የተከለከልሁበትንም የተፈቀደልኝበትንም አላወቅሁም፤ ታዲያ ለሚመጣው ምን ልማር?» አለኝ። ባለቤቴም ይህን ትቶ የወር ደመወዝ ያለው ሥራ እንዲፈልግ መከረችው።

ይህ ዕጣ የእርሱ ብቻ አይደለም። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፕሮግራም ገበያውን 500 በሚያህሉ ፕሮግራሞች የከፈተው በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ነው፤ መርማሪዎቹ የሚፈርዱበትን መመሪያ ለሠሪዎች የገለጸው ግን በጳጉሜን 2002 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ በኅዳር 2002 ዓ.ም. የፌስቡክን ፕሮግራም ለአይፎን የሠራው ጆ ሂዊት ይህን ምርመራ በመቃወም ሥራውን ለሌላ ሰው ለቀቀ። ኩባንያው በሰኔ 2012 ዓ.ም. አስቀድሞ ለወጣ ፕሮግራም የሚላክ የስሕተት እርማት፥ የሕግ ጕዳይ ካልሆነ በቀር፥ በደንብ ክርክር ምክንያት እንዳይዘገይ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ሠሪዎቹም መመሪያው ራሱ ልክ አይደለም ብለው አቤት እንዲሉ ፈቀደላቸው። ስለዚህ የተዘጋ በር ቢዘገይም የሚከፈትበት ጊዜ አለ።

ገበያ ጠባቂ አያስፈልገውም አልልም፤ አታላይና ሌባ በየዘመኑ አይታጣምና። ነገር ግን በርበሬ ጭኖ ቡሬ ገበያ የወጣ ገበሬ «በርበሬህ እርጥብ ነው» ቢሉት አድርቆ ይመለሳል። «አይሆንም፥ ሂድ» ብቻ ቢሉት ግን አህያውን እየነዳ የሚመለሰው ቂም ይዞ ነው፤ በርበሬውም እንደ እርጥበቱ ይቀራል። ምክንያት የተነገረበት ክልከላ ሠራተኛን ያስተምራል፤ ምክንያት የሌለው ግን ተስፋውን ቈርጦ ሙያውን ያስጥለዋል።

እንግዲህ ማኅተም በእጃችሁ ያለ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ የባሕር ማዶውን ገበያ ማዘዝ አንችልም፤ በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ግን እናዛለን። ማመልከቻን ስንመልስ ከ«አይቻልም» በታች አንድ መስመር ምክንያት እንጨምር። አባትም ልጁን ሲከለክል እንዲሁ ያድርግ። ያች አንድ መስመር ለጻፊው የጥቂት ደቂቃ ድካም ናት፤ ለተቀባዩ ግን የነገ ሥራው መንገድ ናት።