ስጦታና እጅ መንሻ

ገንዘብ መልኩ አንድ ቢሆንም ስሙ ብዙ ነው። ዋጋ የከፈለ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ስጦታ የሰጠ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቅርም አይለውም። እጅ መንሻ ያቀረበ ግን እስኪጠራ ድረስ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ልዩነት የተማርሁት ከኳስ ሜዳ ነው ብልህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አትሣቅብኝ።

የተማርሁት በአሜሪካ አገር በአንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ አገር እግር ኳስ የሚባለው እኛ የምናውቀው አይደለም፤ እንቁላል የመሰለ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፥ በትከሻም የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። (የእግር ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው።) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. የራትገርስና የፕሪንስተን ተማሪዎች የመጀመሪያውን ግጥሚያ ሲያደርጉ ነገሩ የተማሪዎች መዝናኛ ነበር። ዛሬ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ብቻውን ከ107,000 የሚበልጥ ሰው ይይዛል፤ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲም ከ1962 ወዲህ በሜዳዬ ለተደረገው ግጥሚያ ሁሉ ቲኬቱ ተሸጦ አልቋል እያለ ይኰራል።

ተማሪ ሳለሁ የዚህ ሁሉ ሂሳብ አይታየኝም ነበር። ለተማሪ የተለየ ስፍራ አለው፤ ቲኬቱም ርካሽ ነው። አምስት ጓደኛሞች አራት ዓመት ሙሉ፥ ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን፥ ጨዋታው እስኪያልቅ ሳንቀመጥ ስንጮህ ኖረናል። የሜዳው ድምፅ የተማሪው ድምፅ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ደጋግሞ የሚያሳየው እርሱን ነው። በግንቦት ወር ዲፕሎማ ተቀበልን። በሰኔ የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ የሚያሳይ ቲኬት ለአምስታችን ለመግዛት ወደ ቲኬት ሻጩ ቢሮ ደወልሁ።

ያነጋገረችኝ ሴት ትሑት ነበረች። ወንበሩ ዋጋ አለው አለችኝ። ከዋጋው በላይ ደግሞ በዚያ ወንበር ለመቀመጥ መብት የሚያሰጥ ዓመታዊ “ስጦታ” አለ። ወንበር የሚመረጠውም በነጥብ ተራ ነው፤ ነጥቡ የሚቈጠረው በሰጡት ገንዘብ ልክና ቲኬት በያዙበት ዘመን ብዛት ነው። ጩኸት ነጥብ የለውም። ለአዲስ ተመራቂ በቅናሽ የሚሸጥ ወንበር እንዳለም ነገረችኝ፤ ግን ከሜዳው ጫፍ ላይኛው ረድፍ ነው፥ ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፥ አምስታችንም አንድ ላይ ለመቀመጣችን ተስፋ ልትሰጠኝ አልቻለችም።

ይህን ለአባቴ ብነግረው (በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው) ጥቂት ዝም ብሎ፥ “ልጄ፥ ይህማ ደጅ መጥናት ነው። እኛ ግን ጌታው ማን እንደ ሆነ እናውቅ ነበር” አለኝ።

በኅዳር ወር ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሰኝ። አንዱ የትምህርት ብድሬን መክፈል እንድጀምር የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ለቡድኑ ያለኝን ፍቅር በስጦታ እንድገልጽ የሚጠይቅ ነው።

በእውነቱ የአገሩ ሕግም በዚህ ስም ለብዙ ዘመን ተታሎ ነበር። ከ1988 ጀምሮ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ፥ ቲኬት ለመግዛት መብት ለማግኘት ለዩኒቨርሲቲ ከተከፈለው ገንዘብ ከመቶ ሰማንያው እንደ በጎ አድራጎት ተቈጥሮ ከግብር ሂሳብ ይቀነስ ነበር። የተራበ ያበላና ጥሩ ወንበር የያዘ በአንድ መዝገብ ተጻፉ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 በወጣው ሕግ ይህ ቀረ። ሕጉ ስጦታ ማለቱን ተወ፤ ቢሮዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተዉም።

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ከእግር ኳሱ የሚገኘው ገንዘብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዋናተኛውንና የሯጩን ወጪ የሚሸፍን ነው። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተወሰነው ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። አጥንቱ የሚሰበረው ልጅ ድርሻውን ማግኘቱ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ይረክሳል ብዬ አልጠብቅም። ቡድኑ በተሸነፈበት ዘመን ሁሉ አርባ ዓመት ከአንድ ወንበር ሳይጠፋ የኖረውንም ሽማግሌ ተነሥልኝ አልለውም። ተራው የዘመን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም በደስታ በጠበቅሁ ነበር። ያስቀየመኝ ትናንት የመጣ ባለጸጋ በአንድ ወረቀት ሽማግሌውንም እኔንም አልፎ መቀመጡ፥ ይህም ቸርነት ተብሎ መጠራቱ ነው።

ወንበሩን ዋጋው ይህ ነው ብለው ቢሸጡልኝ፥ መግዛት ባልችል እንኳ ቅር ባላለኝም ነበር።

ለሁለተኛው ደብዳቤ መልስ አልሰጠሁም። በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ እልካለሁ፤ ይህ ነጥብ አያስገኝም፥ እኔም አልጠየቅሁበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስታችን ተራ በተራ በየቤታችን ተሰብስበን ጨዋታውን በቴሌቪዥን እናያለን። በዓመት አንድ ጊዜ ደካማ ቡድን ሲመጣ ግን ባለወንበሮቹ ቲኬታቸውን በርካሽ ይሸጣሉ፤ ያን ቀን ተከታትለን እንገዛና ሄደን እንቆማለን። ከኋላችን ያሉት ተቀመጡ ይሉናል።